ስለ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪናዎች ምርመራና ስለ ጭነት ባለቤት ድርሻ

ሸቀጡን ከወደብ የሚያስመጣም ሆነ እህሉን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ገንዘቡ ለብዙ ቀናት በጎማ ላይ እንደሚያድር የታወቀ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መኪናው ከባሕር ጠረፍ ሐሩር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ 400 ኩንታል ጭኖ የሚሄድ ባለ ተሳቢ መኪና ደኅንነቱ የሾፌሩና የባለ መኪናው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። አሳቡ ስሕተት መሆኑን እኔ ራሴ በከባድ ዋጋ ስለ ተማርሁ፣ ለክቡራን ነጋዴዎች ባስረዳ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

በሕግ በኩል ያለው አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እየተመረመሩ፣ ብቁ ሆነው ሲገኙ ምልክት ይለጠፍላቸዋል፤ ይኸውም ሁላችን ቦሎ የምንለው ነው። ቦሎው መኪናው በተመረመረበት ቀን ደኅና እንደ ነበረ ይመሰክራል። ነገር ግን ቁልቁለት በሚበዛበት መስመር የሚመላለስ ከባድ መኪና የፍሬን ሸራው ዓመት ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይቶ ጭነቱን የሚያስረክብ ነጋዴ የዛሬውን መኪና ሳይሆን ከወራት በፊት የነበረውን መኪና አምኖ ሸኘ ማለት ነው።

እኔ የጽሕፈት ሰው እንጂ የጋራዥ ሰው አይደለሁም፤ የሆነ ሆኖ የፍሬኑን አሠራር ማንም ሊረዳው ይችላል። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ሞተሩ አየሩን እያመቀ በጋን ያጠራቅማል፤ ከፊተኛው መኪና ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎች ያልፋሉ፤ አንደኛው የተሳቢውን ጋን ይሞላል፣ ሁለተኛው የሾፌሩን እግር ትእዛዝ ያደርሳል። የሚሞላው ቱቦ ቢበጠስ ተሳቢው በራሱ ፍሬን ይይዛልና መኪናው ይቆማል እንጂ አያመልጥም። የሚያስፈራው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ጉድለት ነው፤ ይኸውም ሸራው ሲያልቅ፣ ማስተካከያው ሲላላ፣ ወይም በጋኑ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ነው። እንዲህ ሲሆን አየሩ ይደርሳል፣ ተሳቢው ግን አይያዝም፤ የሁለቱም ክብደት በፊተኛው መኪና ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ከጎማው ጋር የሚዞረው የብረት ከበሮ እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ሾፌሩ አብዝቶ በረገጠ መጠን ፍሬኑ እየሰነፈ ይሄዳል። በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. አሠሪዬ ከጎንደር መጋዘን የተረከቡትን ሰሊጥ በአንድ የኪራይ መኪና አስጭነው ወደ አዳማ ማበጠሪያ ላኩ። መርከቡ ጭነት መቀበል የሚያቆምበት ቀን ቀርቦ ስለ ነበር፣ መኪናውን በስልክ የመከታተሉ ሥራ የእኔ ነበረ። ሾፌሩ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። ወደ ማታ ደጀን ሲደርሱ ደውለው፣ «ወንድሜ፣ ተሳቢው አልይዝ እያለኝ ነው፤ እዚህ አድሬ ጠዋት ለመካኒክ ላሳየው» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ቦሎው ገና ሦስት ወሩ አይደለም እንዴ? መርከቡ ካመለጠን ማን ይጠየቃል? እባክዎ ቀስ ብለው ይውረዱ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እሺ አሉ።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ድልድዩ ሳይደርሱ የፊተኛው መኪና ፍሬን ጨሰ፤ ተሳቢውም ከኋላ ይገፋ ጀመር። ሾፌሩ መኪናውን ከገደሉ አርቀው በተራራው ጥግ አላትመው አቆሙት። የረዳታቸው እግር ተሰበረ፤ ከሰሊጡ ብዙው በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፤ መርከቡም አመለጠን። በማግሥቱ መካኒኩ የተሳቢውን ጎማዎች ሲፈታ፣ ከፊሎቹ ሸራቸው እስከ ብረቱ አልቆ፣ የቀሩት ደግሞ ማስተካከያቸው ከመላላቱ የተነሣ ከበሮውን የማይነኩ ሆነው ተገኙ። ቦሎው ግን ሦስት ወሩ ነበረ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሚሆን፣ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው ከኃላፊነት እንደማያመልጥ ይደነግጋል። የራሱን መኪና የሚያሠራ ነጋዴ ይህን አንቀጽ ቢያነበው መልካም ነው። ተከራዩ ግን «መኪናው የእኔ አይደለም» እያለ ይጽናና ይሆናል። እኔም በጊዜው እንዲሁ ልል ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ሾፌሩ ላቁም ሲሉ አይቁሙ ያለው ባለ መኪናው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን መኪና ከመጫኑ በፊት ወኪላችን ከሾፌሩ ጋር ሆኖ ይመለከታል። የተሳቢውን ፍሬን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ መኪናው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ፍሬን እየያዘ ከተጓዘ በኋላ ሲቆም፣ ሳይነኩ እጅን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ማስጠጋት ነው። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ፍሬን ሥራ ፈት ነው፤ አንዱ ብቻ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ሳይለቅ እየጎተተ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ረግጦ በመያዝ የአየሩ መለኪያ ቶሎ ቶሎ መውረድ አለመውረዱን ማየትም ይገባል። የጋኑ ውኃ በየዕለቱ ይፈሰሳል።

ጎማን በሚመለከት፣ አየር ያነሰው ጎማ እየተጣጠፈ ስለሚሞቅ በአፋር ሐሩር ቶሎ ይፈነዳል። ከሁለቱ ጥንድ የውስጠኛው ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። ጎማ የተቀየረለት መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብሎኖቹ እንደ ገና ሊጠብቁ ይገባል።

የፊቱ ጫፍ በጎታቹ ጀርባ ላይ የሚያርፈው ግማሽ ተሳቢ ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ያን ሁሉ ክብደት የሚጎትተው 50 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አንድ የብረት ምሰሶ ነው። ተሳቢው ሲገጠም በሰሌዳውና በተሳቢው መካከል ብርሃን ሊታይ አይገባም፤ መቆለፊያው ከምሰሶው ኋላ መዘጋቱን በባትሪ መብራት አይቶ፣ የተሳቢው ፍሬን እንደ ተያዘ ጎታቹን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት መሳብ ያስፈልጋል። ኮንቴይነር ከሆነ አራቱም የማዕዘን መቆለፊያዎች መዞራቸው ይታያል፤ ሁለቱን ዘግቶ መሄድ የተለመደ መሆኑን ስሰማ እጅግ ገርሞኛል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ሾፌሩና ወኪላችን ይፈርሙበታል። የመርከቡንም ቀን ስናሰላ ለጥገና የሚሆን አንድ ቀን አስቀድመን እንቈጥራለን። የቅጹ የመጨረሻ መሥመር «ሾፌሩ አቁሜ ላሳይ ካለ፣ የውሎ አበሉንና የመኪናውን የቆይታ ኪራይ ጽሕፈት ቤቱ ይከፍላል» የሚል ነው። አሠሪዬ ይህን መሥመር ሲያነቡ ጥቂት አመነቱ፤ እኔም የዚያን ሰሊጥ ሒሳብ ከመዝገብ አውጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥሁት፤ ፈረሙም።