ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ይችላሉ?

መቐለ፦ በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በመቐለ ዓይደር ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት የሚከታተል ሰው ንቅለ ተከላ ለማግኘት ከቤተሰቡ ለጋሽ አግኝቶ ረጅም መንገድ መጓዝ ይኖርበታል። በዚህ ድካም የተገኘን ኩላሊት ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ የሚመጣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው።

ክብደት ለምን ይጨምራል?

ኩላሊት ሲደክም የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ አዲሱ ኩላሊት ሥራ ሲጀምር ደግሞ ይመለሳል። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎትንና በደም ውስጥ ያለን ስኳር ይጨምራል። ውፍረት የሚያስከትላቸው የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ታካሚው ወደ እጥበት ይመለሳል።

ቀዶ ሕክምናው ለማን ነው?

ቀዳሚው መፍትሔ የአመጋገብ ማስተካከያና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ሲሆን፣ በኪሎ ግራም የተለካ ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል 35 እና ከዚያ በላይ መሆኑ አንዱ መለኪያ ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 96 ኪሎ ግራም ሲመዝን እዚህ ደረጃ ይደርሳል።

የትኛው ዓይነት ይመረጣል?

በዋናነት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። በሁለተኛው ምግብ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ክፍል ሳይነካ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሁለተኛው እንደ ታክሮሊመስ ያሉ መድኃኒቶች ወደ ደም የሚገቡበትን መጠን ሊለውጥና የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ታካሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ይመረጣል።

ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መድኃኒቶቹ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ቁስል ዘግይቶ ሊድን፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። ማስመለስና በቂ ውኃ አለመጠጣት ኩላሊቱን በፍጥነት ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠንም በተደጋጋሚ መለካት አለበት።

ለማክሳት ተብለው የሚሸጡ ቅጠላ ቅጠሎችን ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ፣ መድኃኒትንም በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ኩላሊቱን ሊያሳጣ ይችላል። ክብደቱ መጨመር የጀመረ ታካሚ ገና ጥቂት ኪሎ ሳለ ለሐኪሙ ቢናገር ወደ ቀዶ ሕክምና ሳይደርስ ሊስተካከል ይችላል።