ልክ ማወቅ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጓሜ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች ውስጥ ትልቁን ስሕተት የሚያመጣው እንግዳው ቃል አይደለም። እንግዳ ቃል ሲያጋጥም ተርጓሚው ቆሞ ይጠይቃል፤ መዝገበ ቃላትም ይገልጣል። ስሕተት የሚገባው ሁሉም ዐውቀዋለሁ ብሎ ሳይጠይቅ በሚያልፈው በተለመደው ቃል በኩል ነው። እንግሊዞች «ሞደሬት» የሚሉት ቃል ከዚህ ወገን ነው። ስለ ሰው ጠባይ፥ ስለ አየር፥ ስለ ዋጋ፥ ስለ ሕመም፥ ስለ ፖለቲካ አሳብ ይነገራል። በአማርኛ ጽሑፍ ግን «መጠነኛ» በሚል በአንድ ስም ብቻ ተመልሶ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህም ልማድ ጉዳት አለው።

እንግሊዝኛና አማርኛ በሸዋ ምድር በጽሑፍ ጐን ለጐን ለመቆማቸው ጥንታዊ ምልክት የሚገኘው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት የጀርመን ተወላጆች ወደ ሸዋ መጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1841 ዓ.ም. የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት፥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሆኖ፥ በሎንዶን ታተመ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋራ በአንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ውል የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች አንዱን ቃል በአንድ ልክ የተረዱት እንደሆነ ነው። ስለዚህ የቃላት ትርጓሜ ነገር ለአንኮበርና ለደብረ ብርሃን አገር ዛሬ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ላቲኖች «ሞዱስ» የሚሉት ልክን፥ መስፈሪያን ነው፤ ከዚህም ወጥቶ በልክ መያዝ፥ መግታት፥ መግዛት የሚል ግሥ ተገኘ። እንግዲህ ቃሉ ከመነሻው ጥቂት ማለት አይደለም፤ ከልኩ ያላለፈ፥ ከልኩም ያልጐደለ ማለት ነው። የእኛም አገር ቋንቋ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ልክ «ለካ» ከሚለው፥ መጠንም «መጠነ» ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸው። ዐቅም የሚለውን ቃል ዛሬ አማርኛ ለጕልበትና ለችሎታ ያውለዋል፤ በግእዝ ግን ልክና ወሰን ማለት ነው። ዐቅሙን ዐወቀ የተባለ ሰው ወሰኑን ያወቀ ሰው ነው። ይህን የመሰለውን የቃላት ዝምድና ለመመርመር በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት፥ በ1962 ዓ.ም. የታተመውም የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለተርጓሚ ሁሉ የቅርብ ረዳቶች ናቸው።

ቃሉ በየስፍራው ሲከፋፈል እንዲህ ይሆናል። ስለ ዋጋ ሲነገር የማይጐዳ፥ ተመጣጣኝ ዋጋ ማለት ነው። ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ሲነገር መጥኖ መብላት፥ መጥኖ መጠጣት ይባላል፤ ባልትና ያላት እመቤት አስቀድሞ መጥኖ መደቆስን የምታስተምረው ስለዚህ ነው። ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ልከኛ፥ ቁጥብ፥ ራሱን የገዛ ማለት ነው። በሁለት ጫፎች መካከል ላለ ነገር መካከለኛ ይባላል። ጉባኤ የሚመራውን ሰው እንግሊዞች ከዚሁ ቃል አውጥተው ሲጠሩት አማርኛ አወያይ ይለዋል፤ የአወያይም ሥራ ተናጋሪ ሁሉ ከልኩ እንዳያልፍ መጠበቅ ነው።

በፖለቲካ አሳብ ረገድ ለዘብተኛ የሚለው ቃል ተለምዷል። ለዘበ ማለት ለሰለሰ፥ ጥንካሬው ቀነሰ ማለት ነውና፥ ቃሉ በአሳቡ የማይከርር ሰውን ለመግለጥ ይበቃል። ነገር ግን ልዝብ የሆነው ሁሉ ልከኛ አይደለም። ዳኛ ለበደለኛው ያለ ልክ የለሰለሰ እንደሆነ በተበዳዩ ላይ ጨክኗል። ልከኛ ዳኛ የሚባለው ቅጣቱን በጥፋቱ ልክ የሚሰፍር ነው፤ ልኩ የሚጠይቀውም ብርቱ ፍርድ ከሆነ ብርቱውን ይፈርዳል።

ለዚህ ቃል የቅርብ ዘመድ የሆነው እንግሊዞች «ቴምፐሬት» የሚሉት ነው። ይህም ከላቲን ሲወጣ በተገቢው ልክ መቀላቀል ማለት ነው። ጠጅ ጣይ ማሩንና ውኃውን ሳትመጥን ብትቀላቅል ወይ ውኃ ውኃ ይላል፥ ወይ እጅግ ይጣፍጣል፤ ልኩ ሲገኝ ግን ከሁለቱ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል ለአየር ጠባይም ይናገሩታል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ለዚህ መዝገብ አያስፈልገውም፤ በደጋውና በቆላው መካከል የሚያገኘውን አገር አባቶቹ ወይና ደጋ ብለው ሰይመውለታል።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ትርጓሜ የቃሉ መከፋፈል ይታያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በፊልጵስዩስ መልእክት በምዕራፍ 4 ቍጥር 5 «ሞደሬሽን» ያለውን የአማርኛው መጽሐፍ ገርነት ብሎታል። ከዚያ በኋላ የተነሡ የእንግሊዝ ተርጓሚዎችም የቀድሞውን ቃል ትተው የዋህነትን፥ ቻይነትን በሚገልጡ ቃላት ለወጡት። በገላትያ መልእክት በምዕራፍ 5 ስለ መንፈስ ፍሬ በተነገረው ስፍራም እንግሊዝኛው «ቴምፐራንስ» ሲል አማርኛው ራስን መግዛት ይላል። የግሪኩን ምሥጢር የተከተለው የአማርኛ ተርጓሚ አንዱን ቃል በሁሉ ስፍራ አላሰረም፤ ለየስፍራው የሚስማማውን መረጠ።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል የሕፃናትን ነገር መመልከት ይበቃል። የዓለም የጤና ድርጅት በደነገገው ልክ፥ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እንደሆነ ረኀቡ ከባድ ነው ይባላል፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ግን «ሞደሬት» ይባላል። ይህን በአማርኛ መካከለኛ ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን አስጠንቅቋል፤ ከዚህ ቀጥሎ ከባዱ አለና። መጠነኛ ብሎ የጻፈው ግን፥ መጠነኛ በአማርኛ ጆሮ ጥቂት፥ የማያሰጋ ማለት ስለሚመስል፥ ርዳታ የሚያሻውን ሕፃን ደኅና ነው ብሎ እንዳሰናበተ ይቈጠራል።

የምድር መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው። የዚህ ነገር ሊቃውንት መለኪያው ከ5 እስከ 5.9 የደረሰውን መንቀጥቀጥ «ሞደሬት» ይሉታል። በ2017 ዓ.ም. ከአንኮበር ገደል በታች በሚዘረጋው በአዋሽ ሸለቆ፥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ደጋግሞ ከተነሡት መንቀጥቀጦች አንዳንዶቹ ከዚህ ክፍል ነበሩ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ቤቱ ለተሰነጠቀበት ባላገር መጠነኛ መንቀጥቀጥ ደረሰ ብሎ መንገር ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሚሆን አስተዋይ ይፈርዳል።

የደብረ ብርሃን ውርጭ በገብስ አዝመራ ላይ ቢወድቅና የወረዳው ሹም የጉዳቱን ልክ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ቢጽፍ፥ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ማሳውን አላየውም። የሚያየው ቃሉን ብቻ ነው። ቃሉ ካነሰ እህሉም ያንሳል፤ ቃሉ ከበዛ ደግሞ ለሌላው የሚገባው ወደማይገባው ይሄዳል። ስለዚህ ጸሓፊው ቃሉን ከመምረጡ አስቀድሞ ጉዳዩ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል፤ ስለ ሰው ጠባይ ከሆነ ልከኛ፥ ስለ አሳብ ከሆነ ለዘብተኛ፥ ከሦስት ደረጃ ሁለተኛው ከሆነ መካከለኛ፥ በእውነት ጥቂት ከሆነም መጠነኛ ይበል። ቍጥር ያለው እንደሆነ ደግሞ ቍጥሩን ከቃሉ ጋራ ይጻፍ፤ ቍጥር ቃልን ከመለጠጥም ከማነስም ይጠብቀዋልና።

ሲበዛ ማርም ይመራል ይባላል። ልክ ማወቅም በማዕድና በፍርድ ብቻ የሚፈለግ ጠባይ አይደለም፤ ከብዕር ጫፍ ይጀምራል። ነገሩን በልኩ የጠራ ሰው፥ ለነገሩ የሚገባውን ሥራ በልኩ ለመሥራት የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዷል።