አራቱ ስሞች



እሑድ ጠዋት ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ከመምጣታችሁ በፊት እናታችሁ ወይም ታላቅ እኅታችሁ መቀነታችሁን ታስርላችሁ፣ ፀጉራችሁን ታስተካክልላችሁ ይሆናል። ዛሬ የምንማረው እንዲሁ መቀነት ሲተሳሰሩ ስለነበሩ ልጆች ነው። ታሪኩ ያሳዝናል። ነገር ግን አንዲት ቤተ ክርስቲያን በግፍ የሞቱባትን እንዴት እንደምታስብና ፍርድ ሲጓደል ምን ማድረግ እንደምትችል ያሳያልና በትዕግሥት አንብቡት። ዓመታቱን የምጽፍላችሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። በዚያ የሚኖሩት ጥቁሮች በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ባርነቱ በ1865 በሕግ ቢቀርም መናቁ አልቀረም፤ እንዲያውም ራሱ ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ ከአንድ ቧንቧ ውኃ አይጠጡም ነበር። ይህን ለመቃወም ጥቁሮቹ በ16ኛው ጎዳና በምትገኘው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰቡ ነበር። በ1963 በሜይ ወር ከዚያች ቤተ ክርስቲያን እየወጡ በሰልፍ ከሄዱት ብዙዎቹ እንደ እናንተ ተማሪዎች ነበሩ። ፖሊሶች ውሻ ለቀቁባቸው፤ በእሳት ማጥፊያ የውኃ ጎማም መቷቸው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ቀን እሑድ ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን የእንቁጣጣሽ አበባ ገና አልጠወለገም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ምድር ቤት አምስት ልጃገረዶች ለጸሎቱ ሲዘጋጁ፣ የ11 ዓመቷ ዴኒዝ መቀነቷን እንድታስርላት አዲ ሜን ጠየቀቻት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ ጥቁሮችን የሚጠሉ ሰዎች ከደረጃው ሥር የደበቁት ፈንጂ ፈነዳ። አዲ ሜ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊ፣ ካሮል ሮበርትሰንና ዴኒዝ ማክኔር ሞቱ። ከዴኒዝ በቀር ሦስቱ የ14 ዓመት ልጆች ነበሩ። አምስተኛዋ፣ የአዲ ሜ ታናሽ እኅት ሣራ፣ ተረፈች፤ አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያኒቱ ምን አደረገች? በፍርሃት አልተዘጋችም። ታድሳ በ1964 ተከፈተች። ሩቅ በሆነው በዌልስ አገር የሚኖር ጆን ፔትስ የሚባል የመስታወት ሥዕል ሠሪ ዜናውን ሰምቶ ለተሰበረው መስኮት ምትክ ልሥራ አለ። የአገሩ ጋዜጣም ገንዘብ አሰባሰበ። ነገር ግን ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን፣ ማለት ከአንዲት ሳንቲም፣ በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ለምን መሰላችሁ? አንድ ባለጠጋ ብቻውን ከፍሎ እንዳይጨርሰውና የሕዝቡ ሁሉ ስጦታ እንዲሆን ነው። በመስኮቱ ላይ ጌታችን ጥቁር ሆኖ፣ እጆቹን ዘርግቶ ተሥሏል። ይህ እንግዳ አይሁንባችሁ፤ በየአገሩ ያሉ ሠዓልያን የጌታን ፊት የወገናቸውን መልክ እያስመሰሉ ሥለዋል። አንደኛው እጁ ግፍን ይገፋል፣ ሁለተኛው ይቅርታን ይሰጣል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንረሳው የመጀመሪያውን እጅ ይመስለኛል።

ይቅርታ ማለት ወንጀሉ ይዳፈን ማለት አይደለምና። ገዳዮቹ ለብዙ ዓመታት ሳይከሰሱ ኖሩ። ፈንጂው ሲፈነዳ የሕግ ተማሪ የነበረ ቢል ባክስሊ የሚባል ነጭ ሰው ግን ነገሩን አልረሳም። አድጎ የአላባማ ዋና ዐቃቤ ሕግ በሆነ ጊዜ የአራቱን ልጆች ስም በስልክ ካርዱ አራት ማዕዘናት ላይ ጻፈ። ስልክ ለመደወል ካርዱን ባወጣ ቁጥር ያያቸዋል! በ1977 የመጀመሪያው ገዳይ ተፈረደበት። ሁለተኛው በ2001፣ ሦስተኛው በ2002 ተፈረደባቸው። አራተኛው ተጠርጣሪ ሳይከሰስ በ1994 ሞቷል።

«ይህ የሌላ አገር፣ የሌላ እምነት ሰዎች ጉዳይ አይደለምን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በ1965 በዚያው በአላባማ፣ በሴልማ ከተማ፣ ለጥቁሮች መብት የቆመ አንድ ነጭ ሰባኪ በተገደለ ጊዜ የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ኢያኮቮስ ወደዚያ ሄደው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ቆመዋል። ከገዛ ምእመናናቸው የተቆጡባቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ከግሪክ ወገን የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ በተረሱ ጊዜ ሐዋርያት «ታገሡ» ብለው አላለፉም፤ ሰባት ዲያቆናትን አስመርጠው ሾሙና ሥርዓቱን አስተካከሉ።

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 15 ቀን፣ ልክ 4 ሰዓት ከ22 ሲሆን፣ በበርሚንግሃም ደወል ይደወላል፤ የልጆቹም ስም ይጠራል። ሣራ ግን ከመንግሥት በኩል «በድለንሻል» የሚል ቃል ለመስማት ብዙ ቆየች። የአላባማ ገዥ ይቅርታ የጠየቀቻት በ2020 ነው። ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ የነበረችው ሣራ 57 ዓመት ጠብቃለች።

ጥያቄ፦ ባክስሊ ስሞቹን በመዝገብ ከማስቀመጥ ይልቅ በየቀኑ በሚይዘው ካርድ ላይ ለምን የጻፋቸው ይመስላችኋል? መልሳችሁን ለሚቀጥለው እሑድ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አምጡ።