ኩባንያ እንደ ሰው ግብር ይክፈል ወይ?

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የመቶኛ ስሌት እያስተማርኩ ነበር። ለምሳሌ ግብርን አነሳሁ። አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች እንደ ሰው ነው የሚከፍሉት ወይስ ለእነሱ ሌላ ሕግ አለ?» አለችኝ። እናቷ እዚሁ ካኩማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስላላቸው ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገባኝ። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ በኋላ ግን የኬንያን ሕግ ተቀምጬ አነበብኩ።

«እኛ ስደተኞች ነን፣ ግብር ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን እኮ እየከፈልን ነው። ሳሙና ስንገዛ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ አለ። በስልክ ገንዘብ ስንልክ ደግሞ በአገልግሎት ክፍያው ላይ በ2023 ሕግ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 15 በመቶ ኤክሳይዝ ተጥሏል። በዚህ ላይ መንግሥት በመጋቢት 2025 ያስጀመረው የሺሪካ ዕቅድ ካምፖቹን ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ከተማነት ለመቀየር ያለመ ነው። ከተማ ሲመጣ ግብርም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ብናውቀው ይሻላል።

ኩባንያ «ሰው» ነው እንዴ?

በሕግ ዓይን አዎ። በስሙ ንብረት ይይዛል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቢከስር ባለ አክሲዮኖቹ የሚያጡት ያዋጡትን ገንዘብ ነው እንጂ ቤታቸው አይሸጥም። ባለሱቅ ግን ዕዳ ውስጥ ከገባ የራሱ ዕቃም ሊሄድ ይችላል። ኩባንያ መሆን ይህን ያህል ከለላ ይሰጣል፤ ከለላ ያገኘ ደግሞ ድርሻውን ይክፈል ቢባል ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል ኩባንያ አይራብም፣ ልጅ አያሳድግም። ከግለሰብ ግብር ላይ ለኑሮ ተብሎ የሚቀነሰው ለእሱ ትርጉም የለውም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በኬንያ ደመወዝተኛ የሚከፍለው በደረጃ ነው። በወር የመጀመሪያው 24,000 ሽልንግ 10 በመቶ፣ ቀጣዩ 8,333 ሽልንግ 25 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 500,000 ያለው 30 በመቶ፣ እስከ 800,000 ያለው 32.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ከተሰላው ግብር ላይ በየወሩ 2,400 ሽልንግ ይቀነስለታል። የአገሪቱ ኩባንያ ግን ትንሽም ያትርፍ ብዙ፣ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል።

ሌሎች ተቀናሾችን ትተን እናስላ። በወር 50,000 ሽልንግ የሚያገኝ ሰው ግብሩ 7,383 ሽልንግ ገደማ ነው። ያንኑ ያህል ያተረፈ ኩባንያ 15,000 ይከፍላል። አንድ ሚሊዮን ላይ ስንደርስ ግን ይገለበጣል፦ ሰውየው ወደ 310,000፣ ኩባንያው 300,000። ባለቤቱ የቀረውን 700,000 እንደ ትርፍ ድርሻ ሲወስድ ነዋሪ ከሆነ 5 በመቶ፣ ማለትም 35,000 ይጨመርበታል። ድምሩ 335,000 ይሆናል። ስለዚህ «ኩባንያ ሁልጊዜ ያነሰ ይከፍላል» የሚለው ወሬ በወረቀት ላይ ልክ አይደለም።

አገራችንም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ድርጅት 30 በመቶ ሲከፍል ደመወዝተኛ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢው ላይ 35 በመቶ ይከፍል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ይህ መነሻ ወደ 14,000 ብር ከፍ ብሏል።

ታዲያ ኩባንያውንም በደረጃ ለምን አያስከፍሉትም? ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ትልቅ ኩባንያ የግድ የሀብታም ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ አክሲዮን ያላቸው ሺህ ሰዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በትልቅነቱ ብዙ የሚጠየቅ ከሆነ ራሱን አሥር ቦታ ቆራርጦ አሥር ትናንሽ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ራሱን አይቆራርጥም።

ዋናው ልዩነት ከምን ላይ እንደሚሰላ ነው

ደመወዝተኛ ግብሩ የሚቆረጠው ደመወዙ እጁ ሳይገባ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የምግቡን፣ የትራንስፖርቱን ወጪ «ቀንሱልኝ» ማለት አይችልም። ኩባንያ ግን መጀመሪያ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የብድር ወለድ ይቀንሳል፤ ከዚያ በተረፈው ላይ ይከፍላል። ከከሰረ ምንም አይከፍልም፣ ኪሳራውንም ለቀጣይ ዓመት ያስተላልፋል። ትልልቆቹ ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ቀጥረው የሚያተኩሩትም እዚህ ላይ ነው፤ መቶኛው 30 ሆኖ ትርፉ በወረቀት ላይ ትንሽ እንዲሆን።

ኬንያ ይህን ለማስቀረት ሞክራ ነበር። ከጥር 2021 ጀምሮ ያተረፈም የከሰረም ከሽያጩ ቢያንስ 1 በመቶ ይክፈል ተባለ። ነጋዴዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመስከረም 2021 ሕጉን ሻረው፤ ይግባኝ ሰሚውም በታኅሣሥ 2022 ውሳኔውን አጸናው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሽያጭ ትርፍ አይደለም፤ የከሰረን ሰው በሽያጩ ብታስከፍለው ከመነሻ ካፒታሉ ነው የሚያወጣው።

ሱቃችን ጋ ስንመለስ

በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሚሸጥ ንግድ ግን ከ2023 ወዲህ ከጠቅላላ ሽያጩ 3 በመቶ ይከፍላል። ወጪ አይቀነስለትም። በቀን 3,000 ሽልንግ የሚሸጥ ሱቅ በዓመት 1,095,000 ይሸጣል፤ ግብሩ 32,850 ነው። ከመቶው አሥር ካተረፈ ትርፉ 109,500 ስለሚሆን፣ የትርፉን ልክ 30 በመቶ ሰጠ ማለት ነው። እንደ ትልቁ ኩባንያ! ከመቶው አምስት ብቻ ካተረፈ ደግሞ 60 በመቶው ሄደ። ስኳርና ዱቄት የሚሸጥ ሰው ትርፉ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ያው ባለሱቅ በትርፉ እንደ ነዋሪ ግለሰብ ቢሰላ ኖሮስ? ሌላ ገቢ ከሌለው፣ የ109,500 አሥር በመቶ 10,950 ነው፤ በዓመት የሚቀነስለት 28,800 ስለሆነ የገቢ ግብሩ ዜሮ ይሆናል።

ሕጉም ምክንያት አለው፦ መዝገብ ለማይይዝ ነጋዴ የሽያጭ ስሌት ይቀላል። መውጫም አለው፤ በትርፍ ልሰላ የሚል ነጋዴ ለግብር ባለሥልጣኑ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ደብተር የሌለው ምን ይዞ ይሄዳል?

ለተማሪዬ የምሰጣት መልስ

ኩባንያና ሰው በአንድ ዓይነት መንገድ መክፈል የለባቸውም ባይ ነኝ። አንዱ ይራባል፣ ሌላው አይራብም። መርሁ ግን አንድ መሆን አለበት፦ ሁሉም ወጪው ተቀንሶ እጁ ላይ በቀረው ይሰላ፤ ብዙ የቀረው ብዙ ይክፈል። አሁን ግን በእኔ እይታ ትልቁ በትርፉ ሲጠየቅ ትንሹ በሽያጩ ይጠየቃል። ፍትሕ የጎደለው እዚህ ጋ ነው እንጂ መቶኛው ላይ አይደለም።

ለእናቷ ደግሞ የላክሁት መልእክት አጭር ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይግዙ። የገዙትን በአንድ ገጽ፣ የሸጡትን በሌላ ገጽ ይጻፉ፤ ደረሰኝ አይጣሉ። መደመሩን ልጅዎ ትችላለች፤ እኔ አስተምሬአታለሁ።