ለአራት ቀን ቶኪዮ የሰባት ቀን ፓስ?

«ጃፓን ልትሄድ ነው? እንግዲያው መጀመሪያ ጄአር ፓስ ግዛ።» ቶኪዮ ሊሄድ ተነሥቶ ይህን ምክር ያልሰማ ሰው አላጋጠመኝም። ቪዛው ገና ሳይመታ፣ ሆቴሉ ሳይያዝ፣ አንዳንዴም አውሮፕላኑ ናሪታ ይረፍ ሃኔዳ ሳይጣራ ፓሱ ተገዝቶ ያድራል። መካሪው ዘመድ ወይም ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አንዴ ጃፓንን ረግጦ የተመለሰ፣ ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ የጫነ፣ ከቪዲዮው ሥር ደግሞ የመግዣ ሊንክ ያስቀመጠ ሰው ነው። ከሽያጩ ድርሻ እንዳለው የሚናገር ጥቂት ነው። አራት አምስት ቀን ይዞ ቶኪዮን ሊያይ ለሚሄድ ሰው ይህ ምክር ስህተት ነው፤ ጉዳቱ ኪስ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣሁ ነበር።

በቅን ከፈረድን ምክሩ ዱሮ እውነት ነበር። የጃፓን ባቡር ኩባንያዎች (ጄአር) ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጡት የሰባት ቀን ተራ ፓስ እስከ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 ድረስ 29,650 የን ነበር። ከቶኪዮ ኪዮቶ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ደርሶ መልስ ብቻውን ወደ 28,000 የን ይጠጋል። ከናሪታ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚያስገባውን የጄአር ኤክስፕረስ ባቡር ሲጨምሩበት ፓሱ ዋጋውን መልሶ ትንሽ ያተርፋል። ያኔ «ግዛ» ያለ ሰው በልኩ ተናግሯል።

ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ግን ያው ፓስ 50,000 የን ገባ። እስቲ አብረን እናስላው። ኪዮቶ ሄዳችሁ ብትመለሱ 28,000 ያህል ተጠቀማችሁ፤ 22,000 የን ሜዳ ላይ ቀረ። ሂሮሺማ ድረስ ደርሶ መልስ ብትሄዱ 38,000 አካባቢ ነው፤ አሁንም ከሰራችሁ። ቶኪዮን ለቃችሁ፣ የሆንሹን ደሴት ጨርሳችሁ፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ ያለችው ሃካታ ድረስ ብትሄዱና ብትመለሱ፣ ማለትም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ብትጓዙ፣ ወደ 46,000 የን ነው። ይህን ሁሉ ተጉዛችሁም ፓሱ ዋጋውን አልመለሰም። በዚያ ላይ ኪዮቶ መንገድ ላይ ፈጣኑና ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው «ኖዞሚ» የሚባለው ሺንካንሰን በፓሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አያስገባም። ቲኬቱን ለብቻው የገዛ ሰው በሁለት ሰዓት ከሩብ ኪዮቶ ሲገባ፣ ባለ ፓሱ «ሂካሪ» የሚባለውን ሌላ ሺንካንሰን ጠብቆ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ዘግይቶ ይደርሳል።

ሰው ገንዘቡን አጥቶ ቢቀመጥ ደግ ነበር። ፓስ የገዛ ሰው ግን «ከከፈልኩ አይቀር» ይልና ጠላ ስለተጠመቀ ሠርግ እንደሚደግስ ሰው ጉዞውን ለፓሱ ሲል ያዘጋጃል። ከአሜሪካ ሄደው የተመለሱ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ቶኪዮ የነበራቸው አራት ቀን ነው። አንዱን ቀን ኪዮቶ ውለው ማታ ተመለሱ፤ ሌላውን ሂሮሺማ፣ መሄጃው ብቻ ከአራት ሰዓት በላይ፤ ሦስተኛውን ኒኮ። እንዴት ነበር ስላቸው የነገሩኝ ስለ ባቡሩ ንጽሕናና ስለ መቀመጫው ምቾት ነው። ሚስቲቱ ቶኪዮ ውስጥ ያለውን አሳኩሳን ማየት እንደምትፈልግ ከመሄዷ በፊት ነግራኝ ነበር፤ አላየችውም። ከመረጃ ማጣት አይደለም፤ በእጃቸው ያለው ፓስ እዚያ ስለማይወስዳቸውና ሌላ ገንዘብ ማውጣት ስላስጠላቸው ነው።

መካሪዎቹ የማይናገሩት ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ጄአር ፓስ በቶኪዮ ውስጥ የሚሠራው በዋናነት በጄአር መስመሮች ላይ ነው። ከእነዚህ ጠቃሚው ከተማዋን የሚዞረው ያማኖቴ መስመር ነው፤ 30 ጣቢያ አለው፣ አንድ ዙር አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ከምድር በታች ያለው ግን የሌሎች ንብረት ነው፤ ቶኪዮ ሜትሮ ዘጠኝ መስመር፣ የከተማው አስተዳደር የሚያንቀሳቅሰው ቶኤይ ደግሞ አራት መስመር አላቸው። በነዚህ በአንዳቸውም ጄአር ፓስ አያስገባም። የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ያለበት አሳኩሳ የሚደረሰው እ.ኤ.አ. በ1927 በተከፈተው፣ በእስያ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በሆነው በጊንዛ መስመር ነው።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደግሞ ከሁሉም የሚያስቆጨው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሺንካንሰን ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ የተነሣው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ለኦሎምፒክ እንዲደርስ ተጣድፎ ነው። ከሃያ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11፣ አበበ ቢቂላ ከብሔራዊ ስታዲየም ተነሥቶ ኮሹ ካይዶ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሮጠ፤ ቾፉ የምትባል ከተማ ደርሶ ዞረና ያንኑ መንገድ ተመለሰ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ሳምንታት ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሯጮቹ የዞሩበት ቦታ ዛሬም ቶቢታኪዩ ከሚባለው ጣቢያ አቅራቢያ ምልክት ቆሞለታል። ቶኪዮ ውስጥ ካለው ከሺንጁኩ ጣቢያ በኬዮ መስመር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ኬዮ የግል ባቡር ኩባንያ ነው፤ የ50,000 የን ፓስ እዚያ በር ላይ ዋጋ የለውም። ሩጫው የተጀመረበት አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ ተሠርቷል። እዚያ በጄአር ይደረሳል፣ ሴንዳጋያ ጣቢያ፤ ከሺንጁኩ ዋጋው 200 የን አይሞላም። ለዚህ ማንም ፓስ አያስፈልገውም።

ታዲያ ምን ይያዝ? ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ። ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ፣ በር ላይ ታስነኩታላችሁ፤ ጄአርም ሜትሮም ኬዮም አውቶቡስም ይቀበሉታል፣ ሱቅ ውስጥም ውኃ ይገዛል። «ሱይካ ተቋርጧል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ ያረጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በቺፕ እጥረት ሽያጩ ቆሞ ነበር፣ በ2025 ተመልሷል። ብዙ ለምትዘዋወሩበት ቀን ደግሞ የቶኪዮ ሜትሮንም የቶኤይንም መስመሮች የሚያካትት፣ ለጎብኚ የሚሸጥ የ24፣ የ48 እና የ72 ሰዓት ቲኬት አለ። ኪዮቶን ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ ቲኬቱን ጣቢያ ሄዳችሁ ለብቻው ግዙ፤ ባቡሩ በየጥቂት ደቂቃው ይነሣል። ግን እዚያው እደሩ። የአራት ቀን እንግዳ ከቶኪዮ ላይ አንዱን ቀን ቆርሶ ኪዮቶ ቢያድር ይሻለዋል ወይስ ቶኪዮ ላይ ቢጸና? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ የሚቃወመኝ ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ፓሱ የሚጠቅመው ሰውም አለ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰሜን ሆካይዶ እስከ ደቡብ ኪዩሹ የሚያቋርጥ። እሱ ደግሞ ቶኪዮን ሊጎበኝ የሄደ ሰው አይደለም።

ሌሎቹ ተረቶች ይህን ያህል ቦታ አይፈልጉም።

«ግሪን ካርድ ካለህ ጃፓን ቪዛ አትጠየቅም።» ትጠየቃለህ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን የመኖሪያ ፈቃዱ የየትም አገር ይሁን ቪዛ ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት ከአውሮፕላን ማረፊያ የተመለሰ ሰው ቀላል አይደለም።

«ናሪታ ካረፍክ ቶኪዮ ገባህ።» ናሪታ ቺባ በሚባል ሌላ ክፍለ ግዛት ነው፣ ከመሐል ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በኢንቾን በኩል አድርጎ የሚያርፈው እዚያ ነው። ማታ ከደረሳችሁ ሰዓቱን አስቡ፤ ባቡር ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ቆሞ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ አይሄድም። ታክሲው ከ20,000 የን በላይ ያስወጣል።

«ጃፓን እሳት ናት፣ አይቻልም።» ብር ለሚያገኝ እውነት ነው። በዶላር ለሚኖር ግን የን ከወደቀ ወዲህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ሩዝ ላይ ሥጋ ተደርጎ የሚቀርብ አንድ ሳህን ምሳ 500 የን አካባቢ ይገኛል፣ ጉርሻ የሚባል ነገርም የለም።

«የቡድሃ አገር ነው፣ ቶፉ ሞልቷል፤ ጾም አያስቸግርም።» ይህ ብዙ ጿሚ ያሳስታል። አብዛኛው ሾርባ፣ ኑድሉም፣ ቶፉ ላይ የሚፈሰው መረቅም ዳሺ የሚባል መሠረት አለው፤ ዳሺ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ነው። ሥጋ የለውም ያሏችሁ ምግብ ዓሣ የለውም ማለት አይደለም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተዋለሁ፤ አልበላም ያለ ሰው ግን ሾጂን ርዮሪ የሚባለውን የመነኮሳት ምግብ የሚያቀርብ ቤት አስቀድሞ ይፈልግ። የአሳማ ነገር የማይነካ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ራመን ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ፤ ቶንኮትሱ የሚባለው ራመን መረቁ የአሳማ አጥንት ነው።

«ቱናው በሐራጅ ሲሸጥ ለማየት በሌሊት ፁኪጂ ሂዱ።» ጨረታው ያለበት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ቶዮሱ ተዛውሯል። ፁኪጂ የቀረው የውጭው ገበያ ነው፤ ለቁርስ ግሩም ነው።

«ሳኩራ፣ የቼሪው አበባ፣ የሚያብበው ኤፕሪልን ሙሉ ነው።» ቶኪዮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ባለው አንድ ሳምንት አካባቢ ያልቃል። በኤፕሪል መጨረሻ የምትደርሱት በአበባው ፈንታ ጃፓኖች ራሳቸው በገፍ የሚጓዙበት፣ ሆቴል የሚወደድበት የበዓላት ሳምንት ላይ ነው።

የመጨረሻው ገንዘብም ጊዜም አይደለም፣ እስር ያመጣል። «ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት የትም ይዘህ መግባት ትችላለህ» ይላሉ፤ ጃፓን ውስጥ ውሸት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለትኩረት ችግር በብዛት የሚታዘዘው አደራል አምፌታሚን ስላለበት በሐኪም ወረቀትም ቢሆን አይገባም። ሱዶኤፌድሪን የበዛባቸው የጉንፋን መድኃኒቶችም ይከለከላሉ፤ በሐኪም የታዘዘ ሌላ መድኃኒትም ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ ከሆነ ቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። እናንተም ሆናችሁ አብሯችሁ የሚሄደው ልጃችሁ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ የጃፓን ኤምባሲን ጠይቁ።