የዕለት ቃላት በሕክምና ትርጉም፤ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሳንባ ችግሮች አሰያየም

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከእናትም ከአባትም በተወረሰ የጂን ጉድለት ሳቢያ የሚደርስ በሽታ ነው። በጉድለቱ ምክንያት በሳንባ የአየር ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ንፍጥ ወፍሮ ይጣበቃል፤ ባክቴሪያም ይራባበታል፤ ቧንቧዎቹ በተደጋጋሚ እየቆሰሉ ከመጠን በላይ ይሰፋሉ። የሕክምናው ዋና ዓላማ አክታውን አቅጥኖ ማስወጣትና ባክቴሪያውን በመድኃኒት መግታት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ሕክምና በአማርኛ ሲጻፍ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ቃላትን ይመለከታል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲገልጹ ስያሜው የተመሠረተው በቆሽት ላይ በታዩት ፈሳሽ ያቆሩ ከረጢቶችና ጠባሳ ላይ ነበር። በመሆኑም ስሙ ቃል በቃል ቢተረጎም ስለ ሳንባ የሚናገረው አንዳች ነገር አይኖርም። ስሙን እንዳለ ወስዶ መግለጫ ማከል ይበጃል።

ከባዕዱ ስም ይልቅ የሚያሠጉት ግን የዕለት ቃሎቻችን ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት የተተረጎመ መመሪያ ደረሳት እንበል። «በዘር የሚተላለፍ» የሚለውን ስታነብ «ተላላፊ በሽታ» የሚለው፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለው ትዝ ሊላት ይችላል። ግሡ አንድ ነውና ሳል የጠናበት ልጅ ከእኅት ወንድሞቹ ማዕድ ሊለይ ይችላል። «ከወላጆች የሚወረስ» ቢባል ጥርጣሬው ይወገዳል። በታማሚው ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ይኸው በሽታ ወዳለበት ሌላ ሰው ሊሸጋገር ስለሚችል «ተላላፊ» የሚለው ቃል ለዚህ ይጠበቅ።

«የሳንባ ምች» ለኒሞኒያ የጸና አቻ ቃል ነው። ይሁን እንጂ «ምች» ብቻውን ሲነገር ፀሐይ የመታውን ሰው ይይዛል የሚባለውንና በዳማከሴ የሚታከመውን ሕመም ያመለክታል። ስለዚህ ስሙ በየትም ቦታ ሳያጥር በሙሉ ይጻፍ።

«አገረሸ» የሚለው ግሥም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሚያገረሽ ሕመም ተሽሎ የነበረ ነው፤ የዚህ በሽታ የሳንባ ጉዳት ግን ጋብ ይላል እንጂ አይለቅም። ሳሉ ሲበረታ፣ አክታው ሲበዛና መልኩ ሲለወጥ «ተባባሰ» ማለት ይገባል። አለበለዚያ አንባቢው ልጁ ደኅና በመሰለበት ወቅት ሕክምናውን ሊያቋርጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በመሣሪያ ወደ ደቃቅ ፍንጣቂ የተለወጠን መድኃኒት ወይም ጨዋማ ውሃ መውሰድን «መታጠን» ብሎ መተርጐም ነው። መታጠን ጭስንም የፈላ ቅጠል እንፋሎትንም ያካትታል፤ ጭስ ደግሞ የታመመን ሳንባ ይጎዳል። «በትንፋሽ መሳብ» ይሻላል። እንደዚሁም አክታ የሚያቀጥነው መድኃኒት «የሳል መድኃኒት» ተብሎ ብቻ ሊጠራ አይገባውም፤ ሳሉ አክታውን ማውጫ ነውና ማፈን አያስፈልግም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ ለሕክምና ቃል ፍች የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ቃሉ የሚያመለክተውን ብቻ ሳይሆን የማያመለክተውን የተለመደ ፍችም መመዝገብ ይኖርበታል። ተርጓሚውም አቻ ቃል ከመምረጡ በፊት አንባቢው ቃሉን ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቅ።