ስንዱ ገብሩን ከ«የመጀመሪያዋ» ባሻገር ማንበብ

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም ሲነሳ አብሮት የሚነሳው «የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል ነው፡፡ በፓርላማ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ይባላሉ፡፡ እውነት ነው፡፡ ይሁንና በማዕረጉ መሀል ገጣሚዋ ተረስተዋል ብዬ አምናለሁ፡፡ ሥራቸውንና ሕይወታቸውን ይበልጥ ማወቅ ለሚሹ አንባቢያን ከየት ቢጀምሩ እንደሚበጅ ጥቂት ልበል፡፡

መጀመር ያለብን ከራሳቸው ቃል ነው፡፡ ግጥሞችንና ቴአትሮችን የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» የታተመው በ1942 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሴት በስሟ መጽሐፍ ማሳተሟ ብርቅ ነበር፡፡ መጽሐፉን ሲያነቡ የደራሲዋን ሕይወት ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል፡፡ በ1908 ዓ.ም. ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፡፡ ጣሊያን አገራችንን ሲወር በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም ጣሊያን አገር ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት እስር ቤት ተጋዙ፡፡ ስለዚህ ስለ አገርና ስለ አርበኝነት የጻፉትን የዘመኑ የተለመደ ውዳሴ ነው ብሎ ማለፍ ስህተት ይመስለኛል፡፡ የሚናገሩት እስሩን ራሳቸው የቀመሱት ሴት ናቸው፡፡

ቀጥሎ ስለ ቤተሰባቸው ማንበብ ይገባል፡፡ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩና ሴት ልጆቻቸውን ባሕር ማዶ ልከው ያስተማሩ ሰው ናቸው፡፡ እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው ሲሆኑ፣ ከሙዚቃቸው ያገኙትን ገቢ ለችግረኞች አውለዋል፤ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል፡፡ ከአንድ ቤት አንዷ በብዕር፣ ሌላዋ በፒያኖ መውጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፡፡ የመማር ዕድል ነበራቸው፡፡

ይህን ዕድል ያላገኙትስ? ጥያቄው ደብረ ታቦርና አካባቢዋን ለምናውቅ ሩቅ አይደለም፡፡ በፋርጣም ሆነ በጋይንት ለቅሶ ቤት ገብቶ ሴት አልቃሽ ስትገጥም ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፡፡ የሟቹን ዘር፣ ሥራና አሟሟት በዚያው ቅጽበት በቤት አስገብታ ሕዝቡን ታስለቅሳለች፡፡ ሠርጉም፣ ወፍጮውም፣ እሹሩሩውም የሴት ግጥም አለበት፡፡ ግጥሙ ሲወሳ ግን «እንዲህ አለች አልቃሿ» ይባላል እንጂ ስሟ አይጠራም፡፡

ስም ተጽፎ ሲቆይ ምን እንደሚያተርፍ ለማየት «ገድለ ወለተ ጴጥሮስ»ን ማንበብ ነው፡፡ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አፄ ሱስንዮስ ያወጁትን የካቶሊክ እምነት የተቃወሙ መነኩሲት ናቸው፡፡ ስማቸው ከጣና ዳር፣ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ከምትገኘው ቆራጣ ጋር ተያይዞ ይነሳል፡፡ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድላቸውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ባረፉ በ30 ዓመታቸው ነው፡፡ በ2015 እ.ኤ.አ. ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ታትሞ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል፡፡ የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው፡፡ ወይዘሮ ስንዱ ከዚህ የሚለዩት ስለ ራሳቸው ሌላው እስኪጽፍ ባለመጠበቃቸው ነው፡፡

ወይዘሮ ስንዱ በ1957 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ምርጫ ፓርላማ ገብተው እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደርሰዋል፤ በ2001 ዓ.ም. አርፈዋል፡፡ ስለ ፖለቲካ ሕይወታቸው ማንበብም መልካም ነው፡፡ የእኔ ምክር ግን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፋቸው፣ ከዚያ ታሪካቸው፡፡ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ የቃል ግጥም የሚሰበስቡ ወጣቶችም ከግጥሙ ሥር ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን፣ ፈቃዷን ጠይቀው፣ የገጣሚዋን ስም ይጻፉ፡፡ የዛሬዋ አልቃሽ ስሟ ካልተጻፈ ነገ ስለ እርሷ «ተጨማሪ ንባብ» የሚፈልግ ሰው የሚጀምርበት ገጽ አይኖረውም፡፡